መንገድ ላይ የቀረው ምርቃት

አማቴ አቦይ ሓጎስ፣ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ለብዙ ዓመት አንድ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። በፋሲካ ይጠይቁኛል፤ ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል፤ አንዴ ሐኪም ቤት ተኝተው ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ጠይቀውኛል።

«ወደይ፣ የአንተ ሥራ ግን በሓቂ ምንድን ነው?»

በሓቂ በእውነት፣ ወደይ ልጄ ማለት ነው። በፍቅር ነው የሚሉኝ፤ ጥያቄው ግን ፍቅር የለበትም። እሳቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ከመቐለ ደሴ፣ ከደሴ አሰብ ሲመላለሱ ነው አማርኛውንም የለመዱት። ለእሳቸው ሥራ ማለት ተጭኖ የሚራገፍ ነገር ነው። ጤፍ ይጫናል፣ ሲሚንቶ ይጫናል፣ ጨው ይጫናል። እኔ ምን እንደምጭን፣ የትስ እንደማራግፍ ሊገባቸው አልቻለም። እኔም በወጉ ማስረዳት ሳልችል ጡረታ ወጣሁ።

ቤት ከዋልኩ ወዲህ ወጥ ቤት እየገባሁ፣ ድስት እየከፈትኩ አስተያየት መስጠት ጀመርኩ። ባለቤቴ ፅጌ ጥቂት ታገሠችኝና «ለምን የሥራ ዘመንህን አትጽፍም?» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ድስቱም ሰላም አግኝቷል።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬም እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደመወዝ የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ነበር። አለቃዬ አቶ በላይ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ነበር የሚይዙት። ለምሳ ስንወጣ ብርድ እንዳይመታው በነጠላ ይሸፍኑታል። ደመወዝ በሚሠራበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማስነጠስ ክልክል ነው። አንድ ቀን ማኅተሙን አስቀድሜ ፊርማውን በማስከተሌ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። «ሁለቱም እኮ ወረቀቱ ላይ አሉ» ብላቸው፣ «አሉ፤ ግን ማን ቀድሞ ገባ?» አሉኝ። ያኔ ነገር ፈላጊ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነበር። የሙያዬን ዋና ጥያቄ እየነገሩኝ እንደነበር የገባኝ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ከደሴ ተነስቼ መቐለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። ደመወዙ ያው የአስተማሪ ደመወዝ ስለሆነ ልለፈው። ፅጌን ያገኘኋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የተዋስኩትን ባለመመለሴ ስትቆጣኝ ተዋወቅን። ከተማሪዎቼ መካከል ደግሞ ፍረወይኒ የምትባል ልጅ ነበረች። ከኋላ ተቀምጣ፣ ሰሌዳ ላይ የምሳሳተውን ገና ጠመኔው ሳይነካው ታውቃለች። እጇን አውጥታ ዝም ትላለች። እጇን ሳይ ሥራዬን መልሼ እመረምራለሁ። እንዲህ እያስተማረችኝ ተመረቀች።

ዓመታት አለፉ። ፍረወይኒ አዲስ አበባ ሄዳ የስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ጋር ተቀጥራ ሠርታ ተመለሰች። መቐለ ሮማናት አደባባይ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ከአቶ ኪሮስ ጎን ክፍል ተከራየችና እኔ ዘንድ መጣች።

«መምህር፣ ጨዋታ ልንሠራ ነው። ይምጡ» አለችኝ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን እሠራልሻለሁ?»

«እርስዎ መጠበቅ ይችላሉ። ልጆቹ መጠበቅ አይችሉም። ይሄ ሥራ መጠበቅ ነው» አለች።

ዩኒቨርሲቲውን ተሰናብቼ ሄድኩ። አቦይ ሓጎስ ሰሙ። «ጨዋታ?» አሉ። «ሰው የሚጫወተው ነው እንጂ እኔ አልጫወትም፤ እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። «ሕጂ ገባኝ፣ አሁን ገባኝ» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እኔ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «አማቼ ዕረፍት ላይ ነው» ይሉ ጀመር። ጡረታ የወጣሁት ታዲያ በእሳቸው ቆጠራ ያኔ ነው።

የምንሠራው ጨዋታ «ድግስ» ይባላል። ተጫዋቹ የሠርግ ደጋሽ ነው። ዳሱ ውስጥ እንግዳ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ያዳምጣል፣ ጠላው ሳያልቅ ሁሉን ያጠግባል። ቀላል ይመስላል። ደግሶ የሚያውቅ ሰው ግን ቀላል አይልም።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። ስልክ ላይ የሚታይ ጨዋታ እየተደመሰሰ በየቅጽበቱ እንደገና የሚሣል ሥዕል ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ፍሬም እንለዋለን። ለአንድ ፍሬም ኮምፒውተሩ ዳሱን አንድ ዙር ዞሮ እያንዳንዱን ሰው «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀው ቶሎ መልሶ መልቀቅ አለበት። አንዱ ከረዘመ ዳሱ በሙሉ ደርቆ ይቆማል። ምርቃት ግን ረጅም ነው። ሽማግሌ ደግሞ አይቸኮልም። ስለዚህ ኮሩቲን የሚባል ዘዴ አለ፦ ሽማግሌው አንዲት ቃል ይሉና «ለአሁኑ ይብቃኝ» ብለው ተራቸውን ይለቃሉ። ዙሩ ተመልሶ ሲደርሳቸው ይቀጥላሉ። የሚቀጥሉት ከመጀመሪያው አይደለም፤ ካቆሙበት ነው። ይህቺን ያዙልኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለኮምፒውተር የነገረው ሰው ይመስለኛል ኮሩቲንን የፈጠረው።

ጣጣው ተራው ላይ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ መጀመሪያ የዘወትር ሥራ ያላቸው ይሠራሉ፤ ቀጥሎ «ይብቃኝ» ብለው ያረፉት ካቆሙበት ይነሳሉ፤ ካሜራው ሁሉም ከተንቀሳቀሰ በኋላ መጨረሻ ላይ ያያል። ይህን ቅደም ተከተል ያልያዘ ሰው ጨዋታ ሠራሁ ብሎ ጉድ ይሠራል።

ፍረወይኒ ነገር ሲበላሽ ኪቦርድ መንካት ትከለክላለች። «በሉ ኩልኹም፣ ሁላችሁም ተነሱ» ትላለች። ወንበሩን ወደ ግድግዳ እንገፋና እኛው ራሳችን ፕሮግራሙን እንሆናለን። እኔ በሽበቴ ምክንያት ሁልጊዜ መራቂ ሽማግሌ ነኝ። ሥዕሉን የሚሥለው ዳዊት አንዴ ወጥ ቤት፣ አንዴ ሙሽራ ነው። እሷ መሐል ላይ ቆማ ታጨበጭባለች። አንድ ጭብጨባ አንድ ፍሬም ነው። ስታጨበጭብ እያንዳንዳችን በተራችን አንዲት ነገር አድርገን «ይብቃኝ» ብለን እንደርቃለን። ከዚያ ትዞራለች፤ ማን ማንን እንደቀደመ ታያለች። ደግማ ታጨበጭባለች። አንድ ጊዜ እግሬን አንስቼ የደረቅኩበት ቦታ ላይ ስልክ ተደወለላትና ወጥታ ስታወራ፣ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ ጠበቅኳት። ለምን እንዳልወረድኩ ዛሬም አላውቅም። ጭብጨባ አልነበረማ።

ልብስ ሰፊው አቶ ኪሮስ በሩን ገፋ አድርገው ሲያዩን ከረሙ። ኋላ ላይ «ይቅርታ አድርጉልኝና የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። ነገሩ ከተነገራቸው በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው እየመጡ የወንድ ወገን ሽማግሌ ይሆኑልን ጀመር።

የመጀመሪያው ችግራችን በር ላይ ነበር። እንግዳ ዳሱ በር ሲደርስ፣ ሌላ ሰው ካለ «ይቅደሙ» ይበልና አንድ ዙር ያርፍ ብለን ጻፍን። ደግ አሳብ ነው። ጨዋታውን ስንከፍተው ዳሱ ባዶ፣ በሩ ሙሉ ነው። «ይቅደሙ» ይላል አንዱ፤ «ይቅደሙ» ይላል ሌላው፤ ሁለቱም ያርፋሉ፤ ተመልሰው «ይቅደሙ» ይላሉ። ምግቡ ቀዘቀዘ። ፍረወይኒ እኔንና አቶ ኪሮስን የእውነቱ በር ላይ አቁማን ማጨብጨብ ጀመረች። እኔ «ይቅደሙ» አልኩ። እሳቸው «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» አሉ። አጨበጨበች። ደገምን። የኮምፒውተሩን ሥራ ነው የምንሠራው እያልኩ ብጀምርም፣ በኋላ የምር ሆነብኝ፤ የእሳቸውን ልብ መስበር አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት ደረሰ።

«ታላቅ ይቅደም ብንልስ?» አለ ዳዊት። ዕድሜያቸው እኩል የሆኑት እንደገና ተጣበቁ። በመጨረሻ ዳዊት አንድ ሆዳም፣ ኮቱ የማይቆለፍ እንግዳ ሣለልን። ማንንም አይጠብቅም፣ ለማንም አያርፍም፤ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ይገባል። እሱ ከገባ ሌላው እያጉረመረመ ይከተለዋል። ኮዱ ውስጥ ስሙ «ዓይን አውጣው» ነው። ዳሱን ያዳነው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ድግስ የሚያድነው እሱ ነው።

የሽማግሌው ድምፅ የማን ይሁን ስንባባል እኔ አቦይ ሓጎስን አልኩ። ያኔ ሰበቤ ድምፃቸው ነበር፤ ሞተር እየጮኸ መናገር የለመደ ሰው ድምፅ አያልቅም። ልቤ ግን ሌላ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሥራዬን በዓይናቸው እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው።

ድምፅ ለመቅዳት ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ፅጌን ይዘን ሄድን። ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁን። ዳዊት ማይክሮፎኑን አስተካክሎ «ይጀምሩ አቦይ» አለ። እሳቸው ጠረጴዛውን አዩ።

«ምኑን ነው የምመርቀው?»

«ድምፅ ብቻ ነው አቦይ» አለች ፍረወይኒ።

«ባዶ ማዕድ ልመርቅ? ባዶ መኪና ላይ ሸራ ማሰር ነው እኮ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ፅጌ ወደ ጓዳ ሮጠች። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ «አሜን የሚል ሰው የታለ?» አሉ። ጎረቤት ተጠራ። ጎረቤት ሲመጣ ጠላ አስፈለገ። ድግስ የሚባል ጨዋታ ለመሥራት ድግስ ደገስን ማለት ነው። በትግርኛም በአማርኛም መረቁ። የአማርኛው ላይ እኛ ያልጠየቅናቸውን አንድ መሥመር ጨመሩ፦ «የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ።» ይህን ሲሉ እኔን አዩኝ። ሥራ የምትለዋን ቃል ከእኔ ጋር አንድ ላይ ሲያኖሯት ያ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ። የበላሁትም አልታወቀኝም።

ቀጣዩ ችግር አሜን ነበር። ዳሱ ውስጥ ድምፅ እንዳይደራረብ አንዱ ሲናገር ሌላው ሰልፍ ይይዛል። ሽማግሌው «ቤታችሁን ይባርክ» ብለው ይጨርሳሉ። እንግዶቹ ግን በዚያ ዙር ከእሳቸው በፊት ተነስተው መልሰው አርፈዋል፤ ማለቁን የሚያውቁት በሚቀጥለው ዙር ነው። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው የዘወትር ሥራ ያለው ነው፤ እሷ ወጥ ቤቷ ናት። ስለዚህ ሽማግሌው «ይባርክ» ሲሉ፣ ወጥ ቤቷ ከጓዳ «ጠላው አለቀ!» ብላ ሰልፉን ትቀድምና፣ ዳሱ በሙሉ በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላል።

ዳዊት እንዲህ ይለፍ፣ ያስቃል ብሎ ለመነ። ፍረወይኒ እሺ አላለችም። «አቦይ የመረቁትን ለጠላ ማለቅ አልሰጥም» አለች። እንግዶቹ ሽማግሌው ሳይጨርሱ እንዳይነሱ፣ ወጥ ቤቷም አሜን ሳይባል አፏን እንዳትከፍት አድርገን አሰርናቸው። ስትጨርስ አንድ ጊዜ አጨበጨበች። «አሜን» አልን እኛም። አቶ ኪሮስ ከጎረቤት ክፍል አሜን አሉ።

ለሕዝብ የምናሳይበት ቀን ሲቃረብ ጨዋታውን ወስጄ ለአቦይ ሓጎስ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩ። «ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ይሄ የሚመረቀው ሰውዬ ግን ሽማግሌው ላይ ለምን ያፈጣል? አንገቱን አይደፋም? ትራፊክ ፖሊስ ነው?» አሉ።

ልክ ናቸው። የሚመረቀው ተጫዋቹ ነው፤ ዓይኑም ካሜራው ነው። ካሜራችን የሚመርቅ ሽማግሌ ፊት ላይ አፍጥጦ ነበር። ቢሮ ሄጄ ስነግራቸው ሁሉም አፈሩ። ዳዊት «እናቴ ብታየኝ» አለ። ወዲያው ምርቃቱ መሐል ላይ ሲደርስ ካሜራው ቀስ ብሎ አንገቱን እንዲደፋ አደረግነው። መሬቱን፣ ቄጠማውን፣ የእንግዶቹን ጫማ ያያል። እጅግ አማረ። ካሜራን ጨዋ ለማድረግ የሚደክም ባለሙያ ከእኛ በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። በቢሮው ኮምፒውተር ሞክረነው ተመሰጋገንና ወደየቤታችን ሄድን።

የምናሳየው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በስልክ፣ ከትልቅ መጋረጃ ጋር አገናኝተን ነው። አቦይ ሓጎስ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለካ የድሮ ሾፌር ጓደኞቻቸውን ሁሉ ጠርተዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተዋል። «ዛሬ የአማቼን ሥራ ታያላችሁ» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ዕረፍት ላይ ነው አላሉም።

እንግዳ ገባ፣ ሰው ሳቀ። ዓይን አውጣው ገባ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ማዕድ ቀረበ። አቦይ ሓጎስ በመጋረጃው ላይ ቆሙ። «ቤታችሁን ይባርክ» አሉ፤ አሜን ተባለ። «ጎጇችሁን ያሙቅ» አሉ፤ አሜን ተባለ። ካሜራው አንገቱን መድፋት ጀመረ። «የእጃችሁን ሥራ» አሉ።

ከዚያ ዝም።

ቄጠማው ይታያል። ጫማ ይታያል። ካሜራው ጊዜውን ጠብቆ ቀና ሲል ሽማግሌው አፋቸውን ገጥመው እንደ ፎቶ ቆመዋል። እንግዶቹ አሜን ለማለት ይጠብቃሉ። እጆች ምግቡ ላይ ተዘርግተው ቀርተዋል። አሳላፊው ማንቆርቆሪያውን አዘንብሎ ደርቋል። አዳራሹም አብሮ ደረቀ። መጋረጃው ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ማንንም መጠበቅ የማያውቀው ዓይን አውጣው። ብቻውን እየዞረ ከየማዕዱ ይጎርሳል።

ከሾፌሮቹ አንዱ ወደ አቦይ ሓጎስ ጠጋ ብለው «አማችህ ያ ነው?» አሉ።

አቦይ ሓጎስ ቆባቸውን አነሱ፣ በትራቸውን ያዙ፣ ተነሱ። በሩ ድረስ ተከትያቸው ሮጥኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ወደይ፣ ጭነቴን መንገድ ላይ አስቀራችሁብኝ» አሉና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። ሰው ፊት ስለወደቅን አይደለም፤ ያቺን ቃል ተናግረው ሳይጨርሷት በመቅረቷ ነው።

በማግስቱ ፍረወይኒ አስነሳችን። እኔ እንደ ወትሮዬ ሽማግሌ፣ ዳዊት ካሜራ። አጨበጨበች፤ መረቅኩ። አጨበጨበች፤ ዳዊት አንገቱን ደፋ። «አሁን መምህርን ታያቸዋለህ?» አለችው። «አላይም» አለ። ያኔ ሁላችንም ነቃን። ርካሽ ስልክ እንዳይግል ብለን፣ ካሜራው የማያየው ሰው ሁሉ እንዲጠፋ አድርገን ነበርና። የቢሮው ኮምፒውተር ጉልበተኛ ስለሆነ ማንንም አያጠፋም፤ ለዚያ ነው ያላየነው። ፍረወይኒ ከአቶ ኪሮስ ጨርቅ አምጥታ ጭንቅላቴን ሸፈነች። ሁለቴ አጨበጨበች። ጨርቁን አነሳችና «ይቀጥሉ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የምለው አልነበረኝም። የጠፋ ሰው ሲበራ ሰውየው ይመለሳል፤ የጀመረው ኮሩቲን ግን አብሮት አይመለስም።

«ምርቃቱን ሰውየው ላይ ነው ያንጠለጠልነው» አለች። «ዳሱ ላይ እናንጠልጥለው። ዳስ አይጠፋም።»

እንዳለችው አደረግን፤ ሠራ። ስልኩን ይዤ ወደ አቦይ ሓጎስ በረርኩ። «አሁን ሙሉ ነው፣ ከመጀመሪያው ይስሙት» አልኳቸው። ስልኩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«መንገድ ላይ የቀረ ጭነት ከመጋዘን አይጀመርም። ካለበት ነው የሚነሳው» አሉ። «ጊዜው ሲደርስ እኔው አነሳዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ማዕድ መመረቅ ተዉ። «ዛሬ ሌላ ሰው ይመርቅ» ይላሉ። ጥያቄያቸውንም ተዉት። ስንት ዘመን ሲያስመርረኝ የኖረው ጥያቄ ሲቀር ጎደለብኝ። ለቅሶ ቤት አጠገባቸው እየተቀመጥኩ፣ አሁን ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። አይጠይቁኝም።

ከዚያ ክፉዎቹ ዓመታት መጡ። ስልኩም መብራቱም ባንኩም ጠፋ፤ ሰውም ጠፋ። ስለዚያ ዘመን እዚህ አልጽፍም፤ በዚህ ብዕር አይጻፍም። ቢሮው ተዘግቶ ቆየ። ነገሩ ሲበርድ ፍረወይኒ ቁልፏን ይዛ መጣች። ከስታለች። በሩን ከፈትን፤ አቧራው ወንበሩ ላይ ተኝቷል። እኔ፣ ዳዊት፣ ከጎረቤት ደግሞ አቶ ኪሮስ ነበርን። መሐል ላይ ቆመችና አንድ ጊዜ አጨበጨበች። ማንም ምን እናድርግ አላለም። ወንበሩን ወደ ግድግዳ መግፋት ጀመርን። አለቀስኩ፤ እነሱም አለቀሱ።

ጨዋታው ወጣ። አንድ ቀን ሮማናት ታክሲ ውስጥ ከአንዲት ተማሪ ስልክ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ፤ «የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ» ሲል። የታክሲው ተሳፋሪ ሳያውቀው አሜን አለ። ቤት ሄጄ ለፅጌ ነገርኳት። ለእሳቸው መንገር ግን ፈራሁ።

ዓይኔ ሲደክም ተሰናበትኩ። ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን ውስጥ ፅጌ ምሳ አዘጋጀች። ፍረወይኒ፣ ዳዊት፣ አቶ ኪሮስና ጎረቤቶች መጡ። አቦይ ሓጎስም በሌላው ልጃቸው ተደግፈው መጡ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው የሞተር ድምፅ ነው።

ማዕድ ቀረበ። እንደማይመርቁ ስለማውቅ ለአቶ ኪሮስ «ይመርቁልን» አልኳቸው።

«አቦይ እያሉ? በፍጹም» አሉ አቶ ኪሮስ።

«ኧረ እርስዎ» አሉ አንድ ጎረቤት።

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ።»

ወጡ መቀዝቀዝ ጀመረ። ዳዊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዓይን አውጣው ዛሬ የት ሄደ?» አለኝ።

በዚህ መሐል በትር መሬት ሲመታ ሰማን። አቦይ ሓጎስ እየተነሱ ነው። ሁላችንም ተነስተን አንገታችንን ደፋን። እኔ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው። ጫማው ወደ እኔ ዞረ። ሁልጊዜ ሲመርቁ ቤታችሁን ብለው ነው የሚጀምሩት። ያን ቀን ቤትም አላነሱ፣ ጎጆም አላነሱ።

«ይባርክልህ» አሉ።

ያቺ ብቻ ናት። ጎረቤቶቹ ግራ ገባቸው፤ ምኑን ነው የሚባርከው? ሽማግሌው ዘነጉ ብለው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እኔ ግን የት እንደነበሩ አውቃለሁ። ፍረወይኒም ታውቃለች፤ አጠገቤ ሆና ትንፋሿን ስትውጥ ሰማኋት። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ «የእጃችሁን ሥራ» ያሉበት ቦታ ላይ ቆመው ነበር፤ ይህን ሁሉ ዘመን እዚያው ነበሩ።

«በል አራገፍኩ፣ ወደይ» አሉ።

አሜን መባል ነበረበት። እኔ ሌሎቹን ጠበቅኩ፤ ሌሎቹ ምርቃቱ አላለቀም ብለው እሳቸውን ጠበቁ፤ እሳቸው እኛን ጠበቁ። ቤቱ በሙሉ አንገቱን እንደደፋ ቆመ።

ፍረወይኒ አንድ ጊዜ አጨበጨበች።

«አሜን» አለ ቤቱ። የእኔ አሜን ከሁሉም በኋላ ብቻዋን ወጣች።